ሽማግሌ ቆሞ፣ ራውተር እምቢ ብሎ

ባለፈው ክረምት ቤታችን ውስጥ ከሐሙስ እስከ እሑድ አንዲት ቀይ መብራት በርታ ቆየች። መጠኗ የምስር ክክ ያህል ነው።

በሙያዬ ዘጋቢ ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ጎርፍ፣ የእሳት አደጋ፣ የመንገድ ምረቃና የመንገድ ቁፋሮ ስዘግብ ኖሬያለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ምረቃውም ቁፋሮውም እዚያው መንገድ ላይ ነው። የሚነድ መጋዘን አጠገብ ቆሜ ጽፌያለሁ። ይህን የምናገረው ለመኩራራት አይደለም። ምስር የምታክል መብራት እንዳንበረከከችኝ ስነግራችሁ ማንን እንዳንበረከከች እንድታውቁ ነው። ነገሩ ምሳሌ አይደለም፤ አራቱን ቀን የከረምኩት ቡፌ ሥር በጉልበቴ ነው።

መጀመሪያ እውነታውን ላስቀምጥ። ቤታችን ኮተቤ ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ባሕር ዛፉ ሲወጣ፣ ታክሲው «ከዚህ በላይ አልወጣም» ብሎ ከሚያራግፍበት ቦታ አሥር ደቂቃ በእግር ያስኬዳል። ተራራው ጀርባችንን ተደግፎ ስለተቀመጠ ንጹሕ አየር አለን፤ ኔትወርክ የለንም። ስልክ መደወል የፈለገ ሰው ወደ ውጭው በር ይወጣል። እዚያም የሚገኘው ድምፅ ነው እንጂ ምስል አይታሰብም። ሁሉም በር ላይ ቆሞ ስለሚያወራ ሰፈራችን ውስጥ ምስጢር የሚባል ነገር የለም።

ስለዚህ ኢንተርኔት የሚገባልን በሽቦ ነው። ሽቦው ከውጭ መጥቶ ሞደም የሚባል ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሞደሙ ያለው ሳሎን፣ ከቡፌው ጀርባ ነው። ከሞደሙ ደግሞ በአጭር ኬብል ራውተር ወደሚባል ሁለተኛ ሳጥን ያልፋል፤ ራውተሩ ያለ ሽቦ ለቤቱ ሰው ሁሉ ያድላል። ሞደሙ የውኃ ቆጣሪ፣ ራውተሩ ቧንቧ ነው ብላችሁ ያዙት።

ረቡዕ ዕለት ራውተሩ ሞተ። ምክንያቱ እርጅና ነው። ሽታም ነበረው።

በሌላ ሳምንት ቢሆን ኖሮ ሞቱን ችዬ ጋዜጣ እያነበብኩ እከርም ነበር። ያ ሳምንት ግን የሜሮን ሳምንት ነበር። ሜሮን የወንድሜ ልጅ ናት፤ ያደገችው እኛ ቤት ነው። እናቷ በልጅነቷ አርፋለች። አባቷ፣ እኔ ወንድም ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜ፣ የመንገድ ሥራ ማሽኖች መካኒክ ስለሆነ ዕድሜውን ከበረሃ ወደ በረሃ ሲዞር ነው የጨረሰው። አሁን ሰመራ ነው ያለው። ዮናስ የሚባል ልጅ ሜሮንን ሊያገባ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ሲመጡ «አባቷን እናማክር» ብለን መለስናቸው። ይህ ያለ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ሴት ልጁን የሚሰጥ ቤተሰብ ልጁን የጠላ ይመስላል። ሁለተኛ ሲመጡ ወንድም ጋሼ ከማሽን ላይ ወድቆ እግሩ ተሰብሮ ነበርና «እስኪሻለው ታገሡን» አልናቸው። ሦስተኛው ቀጠሮ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ባዶ እጁን ከተመለሰ እምቢ ተብሏል ማለት ነው። አራተኛ የለም።

ወንድም ጋሼ እግሩ ጀሶ ውስጥ ስለሆነ መምጣት አይችልም። በር ላይ ቆሜ በስልክ ለመንኩት።

«በስልክ እሺ ብትል ምን ይጎድልብሃል?»

«ፊት ሳላይ ቃል አልሰጥም።»

«ድምፃቸውን ትሰማለህ እኮ።»

«በስልክ የገዛሁት ጎማ ሁሉ አሮጌ ነው የወጣው» አለኝ።

ከመካኒክ ጋር ክርክር አያዋጣም። በቪዲዮ እንዲገናኙ ተወሰነ።

ጎረቤት ቤት ወይም ካፌ ሄዳችሁ ለምን አልተገናኛችሁም የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም ይህንኑ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። እትዬ በለጡ ግን ሰሙ። እትዬ በለጡ የአባቴ እኅት ናቸው፤ አብረውን ይኖራሉ፤ የቤታችን ሕገ መንግሥት ናቸው። «ሽማግሌ ሲኤምሲ ካፌ ቀጥሮ፣ ማኪያቶ እየጠጡ ልጅ መስጠት? እሱማ መኪና መሸጥ ነው» አሉ። ሐሳቡ በዚያው ሞተ።

ሐሙስ ጠዋት መገናኛ ወርጄ አዲስ ራውተር ገዛሁ። ሻጩ ገና ካርቶኑን ሳይከፍት «ብራዘር፣ ፕለግ ኤንድ ፕሌይ ነው። ሰክተህ መርሳት ብቻ» አለኝ። ሰካሁት። እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሞደሙ ላይ አረንጓዴ መብራቶች ተደርድረው በርተዋል። ራውተሩ ላይ ሁለት አረንጓዴና ያቺ ቀይ አሉ። ስልኬ ራውተሩን ወዲያው አገኘው፤ ከስሙ ሥር ግን «ተገናኝቷል፤ ኢንተርኔት የለም» ብሎ ጻፈ። ስንት ባለትዳር በዚህ ዓይነት ሁኔታ እንደሚኖር ለጊዜው እንተወው።

ደብተሬን አወጣሁ። አንድ ነገር ሲበላሽ መዝግቦ መያዝ ልማዴ ነው። ሐሙስ፣ አምስት ሰዓት፦ ቀይ። አምስት ሰዓት ከሩብ፦ ቀይ። አምስት ተኩል፦ ቀይ፤ ትንሽ ብልጭ ብላለች፤ ተስፋ አለ። ስድስት ሰዓት፦ ብልጭታው የኔ ዓይን ነው። ተጠርጣሪዎቹን ዘረዘርኩ፦ የውጭው ሽቦ፣ ሞደሙ፣ ኬብሉና ራውተሩ። አምስተኛውን ተጠርጣሪ፣ ማለትም እኔን፣ ከዝርዝሩ ያስወጣሁት ራሴ ነኝ።

ኬብሉን ለማጣራት ሌላ ኬብል አስፈለገ። ባለቤቴ ለእሑዱ ግብዣ በርበሬ ልትገዛ ሾላ ገበያ ትወርድ ነበርና ኬብልም ጨመርኩባት። ከበርበሬው ጋር በአንድ ዘንቢል መጣ። ስሰካው ሁለት ጊዜ አስነጠስኩ። ቀይ። ላፕቶፔን በቀጥታ ከሞደሙ ጋር ላገናኝ አሰብኩ። ላፕቶፔ እንደ ዘመኑ ሰው ቀጭን ነው፤ የኬብል ቀዳዳ የለውም። መመሪያውን አነበብኩ። በብዙ ቋንቋ ተጽፏል፤ በሁሉም ቋንቋ መጨረሻው «ችግሩ ከቀጠለ ሻጩን ያነጋግሩ» ነው። ሻጩን በር ላይ ወጥቼ አነጋገርኩት። «ከሞደሙ ነው ብራዘር» አለ።

አሁን አንድ ነገር መናገር ግድ ይለኛል፤ ከደበቅኩት ዘገባው ጎዶሎ ይሆናል። ሜሮን የተመረቀችው በኮምፒውተር ኔትወርክ ነው። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሳጥኖችን በመደርደሪያ ሙሉ የምታስተዳድር ልጅ ናት። ታዲያ ቤታችን ውስጥ ይህን ነገር የምታውቅ አንዲት ሰው እያለች ቡፌ ሥር የገባሁት እኔ ለምንድን ነው?

እትዬ በለጡ ስለከለከሉ ነው።

«ለራሷ ሽማግሌ መንገድ ጠረገች ይባል? ባል ቢርባት ነው አይሉም? አንዲት ጣቷን እንዳታስነካ!» አሉ።

በእሳቸው ሕግ ሽማግሌ የተላከባት ልጅ እንዳላየች፣ እንዳልሰማች ሆና ጓዳ ትቀመጣለች። ቢጠይቋት «እኔ ምን አውቃለሁ» ትላለች። ሜሮን ስለ ራውተር እኔ ምን አውቃለሁ ስትል ስሰማ አንድ ዳኛ ስለ ሕግ እንደዚያ ሲል የሰማሁ ያህል ደነገጥኩ።

ሐሙስ ማታ እራት ላይ እያለን መብራት ጠፋ። ሰፈሩ እስከ ታች እስከ አስፋልቱ ጨለመ። ከቡፌያችን ጀርባ ግን የሞደሙ አረንጓዴ መብራቶች እንደበሩ ቀሩ። አምና የገዛኋት ትንሽ ባትሪ አለች፤ መብራት ሲጠፋ ሞደሙን ብቻ ታቆየዋለች። ኮራሁባት። ሻማ ይዘው ለመጡት እትዬ በለጡ፣ «ይቺ ባትሪ ከገባች ወዲህ ይህ ሞደም አንዲት ደቂቃ ጠፍቶ አያውቅም» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ጠቀመን?» አሉኝ።

ጥያቄው ተገቢ ነበር። ያኔ ስላቅ መስሎኝ አለፍኩት።

ዓርብ ጠዋት ወደ ደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ ትሑት ናት፤ አጠያየቋም የሠለጠነ ነው።

«ጌታዬ፣ ሞደሙንም ራውተሩንም ሙሉ በሙሉ አጥፍተው አብርተዋል?»

ራውተሩን ስድስት ጊዜ አጥፍቼ አብርቻለሁ፤ ደብተሬ ላይ አለ። ሞደሙንስ? ትናንት ማታ ኮተቤ መብራት ጠፍቶ ነበር። መብራት ሲጠፋ በመብራት የሚሠራ ዕቃ ሁሉ ይጠፋል። «አዎ» አልኳት፤ «ሁለቱም ጠፍተው በርተዋል።»

ይህችን መልስ ልብ በሉልኝ። ወጣት ዘጋቢዎችን ለዓመታት «ያላየኸውን አየሁ አትበል፤ ገመትኩ በል» እያልኩ ያስለቀስኩ ሰው ነኝ። ልጅቷ የነገርኳትን አመነች፤ ባለሙያ እንዲላክልኝም መዘገበች። ባለሙያው ሰኞ ይመጣል። ሽማግሌዎቹ የሚመጡት እሑድ ነው።

ከበር ስመለስ ሜሮን በጓዳው በር አንገቷን አስግጋ ጠበቀችኝ። «አጎቴ፣ ሞደሙን ግን...»

«አንቺ!» አሉ እትዬ በለጡ ከውስጥ። «ምን አገባሽ? ነይ ሽንኩርቱን ክተፊ!»

ተመለሰች። ቢላዋው መክተፊያውን እንዴት ይመታ እንደነበር ደብተሬ ላይ አለ፤ «በኃይል» ይላል።

ቅዳሜ ጎረቤታችን ኦቦ ጉደታ መጡ። ድሮ ካራ በኩል ገበሬ ነበሩ፤ ገብስ ይዘሩበት የነበረው መሬት ላይ አሁን አፓርታማ በቅሏል። በወንድም ጋሼ ቦታ ሆነው ሽማግሌዎቹን የሚቀበሉልን እሳቸው ናቸው። እኔ ራውተሩ ጀርባ ባለችው ቀዳዳ የእትዬን መርፌ ከትቼ ወደ መጀመሪያ ሁኔታው እየመለስኩት ነበር። መመሪያው አሥር ሰከንድ ተጫን ይላል፤ ለጥንቃቄ ሠላሳ ተጫንኩ።

«ምን ሆኖ ነው ጋዜጠኛው?» አሉ ኦቦ ጉደታ።

«ሞደሙና ራውተሩ አልተግባቡም።»

«ተጣልተው ነው?»

«መንስኤው እየተጣራ ነው።»

«ያ ዋቃ! ነገ ሽማግሌ ይመጣ የለም እንዴ? በዚያው ያስታርቋቸው» አሉና በራሳቸው ቀልድ ዱላቸውን እስኪጥሉ ሳቁ።

ስቀው ሲያበቁ ግን ኮታቸውን አውልቀው አገዙኝ። የኦቦ ጉደታ እምነት ኔትወርክ ከፍታ ይወዳል የሚል ነው። ራውተሩን ቡፌው ላይ አወጣነው፤ ቡፌው ላይ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ የባለቤቴን ትልቁን ድስት ደፋንና ድስቱ ላይ አስቀመጥነው። ኬብሉ እንደ ክራር ክር ተወጠረ። አንቴናዎቹን ወደ እንጦጦ አዞርናቸው፤ ቀይ። ወደ መገናኛ አዞርናቸው፤ ቀይ። ኦቦ ጉደታ «ወደ ሰመራ አዙረው እስቲ፤ ሰውዬው እዚያ አይደል?» አሉ። እኔ፣ እውነታ እንጂ ሌላ የማላምን ሰው፣ ምሥራቅ የት እንደሆነ በስልኬ ኮምፓስ ፈልጌ አዞርኩት። ቀይ። ባለቤቴ መጥታ ድስቷን ወሰደች።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ሃያ ደቂቃ ቀድመው መጡ። ሦስት ናቸው፦ ከፊት መምሬ ይልማ ጥላቸውን እንደ ዱላ ይዘው፣ ከኋላ አንድ ጡረተኛ መምህርና አንድ ወፍራም ነጋዴ። ሳሎኑ በወንበር ተሞልቷል። ኦቦ ጉደታ «ተቀመጡ እንጂ» አሉ።

«የመጣንበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ ወንበር አይገባንም» አሉ መምሬ ይልማ። ወጉ ይኸው ነው፤ ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ እሺ እስኪባል ይቆማል። ብዙውን ጊዜ የሚቆመው አምስት ደቂቃ ነው። የዚያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ዘጠኝ ከሩብ ሆነ። ከኔ በኩል ይታያቸው የነበረው ከቡፌው ሥር የወጣው ጫማዬ ነው።

«ልጁ ምን ጠፍቶት ነው?» አሉ መምሬ ይልማ።

«አባትየውን እየፈለገ ነው» አሉ ኦቦ ጉደታ።

«ከቡፌ ሥር?»

ዘጠኝ ተኩል ላይ ነጋዴው ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲያዞር የወለሉ ጣውላ ተንቋቋ። መምሬ ይልማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ሦስተኛ መምጣታችን ነው። አባት ታሟል፤ እግዜር ይማረው። ግን እኛም ለላኩን ሰዎች ይዘን የምንሄደው ቃል አለ። አሥር ደቂቃ እንጠብቅ፤ ከዚያ በኋላ ያልሰጣችሁን መሆኑን ተረድተን እንሄዳለን።»

ጓዳው ውስጥ የነበረው የዕቃ ድምፅ ጸጥ አለ።

ወደ በር ሮጥኩ። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው በጭቃ ሲሮጥ ማየት ለሰፈሩ በረከት ነበር። ወንድም ጋሼ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ። ሥራ ካምፑ ቢሮ ውስጥ፣ ጥሩ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ተቀምጦ ኖሯል። በኋላ እንዳየሁት ጸጉሩን ተቆርጧል፤ ያንን ሙቀት ችሎ ኮት ለብሷል።

«ወንድም ጋሼ፣ በእናትህ! በድምፅ ይሁን። ሊሄዱ ነው።»

«ፊት» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ተመልሼ ስገባ ሳሎኑ ሌላ ሳሎን ሆኗል። ፍሪጁ ዝም ብሏል። የቴሌቪዥኑ ሶኬት ተነቅሏል። መስታወቱ ላይ ነጠላ ተጥሏል። እትዬ በለጡ እስከ ትከሻቸው ከቡፌው ጀርባ ገብተዋል፤ ሲወጡ በአንድ እጃቸው የራውተሩን ገመድ፣ በሌላው ባትሪዬን ከነጅራቷ ይዘዋል።

«እትዬ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ነጎድጓድ ነው! ቤቱ ሰው ሞልቶበት መብረቅ ይግባ?»

የክረምት ልጆች ሁላችሁ ይህን ሕግ ታውቁታላችሁ። ሰማይ ካጉረመረመ በቤቱ ውስጥ የተሰካ ነገር አይኖርም። ልጅ ሆነን የምንወደው ፕሮግራም መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ሰማይ ያጉረመርም ነበር። መምሬ ይልማም «ደግ አደረጉ» አሉ። ከካህን በላይ ይግባኝ የለምና ቆምኩ። እነሱም ቆሙ። ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀይ መብራት አልነበረም፤ ምንም መብራት አልነበረም። እንዲያ ሆነን ስድስት ወይም ሰባት ደቂቃ አሳለፍን። አልዘነበም።

እትዬ በለጡ በመስኮት አዩና «አለፈ» አሉ። አንድ በአንድ እያማተቡ ሰኩ፦ ፍሪጁን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ባትሪዋን፣ ሞደሙን፣ ራውተሩን። እኔ እያየሁ አልነበረም። መምሬ ይልማ ጥላቸውን ከግድግዳው ሲያነሱ ነበር የማየው። ከዚያ ዓይኔ ወደ ቡፌው ዞር አለ።

አረንጓዴ።

ሁለት ምንጭ ሳላገኝ አላምንም። «ኦቦ ጉደታ፣ ይህ ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

ጎንበስ ብለው አዩ። «የጤፍ ቡቃያ» አሉ።

የሆነውን ሜሮን በሌላ ቀን አስረድታኛለች። አንዳንድ ሞደም አንድ መሣሪያ ከለመደ ያንኑ ብቻ ያስታውሳል፤ አዲስ ሲመጣበት አላውቅህም ይላል። ለጥቂት ደቂቃ ፈጽሞ ከጠፋ ግን ይረሳል፤ ሲበራ ያገኘውን ይቀበላል። የኛ ሞደም የሞተውን ራውተር ሲያስታውስ ከረመ፤ እንዳይረሳው ያደረገችው ደግሞ እኔ የኮራሁባት ባትሪ ናት። ኦቦ ጉደታ ይህን ሲሰሙ አልገረማቸውም። «ላምም እኮ እንደዚያው ናት። የለመደችው እጅ ካልሆነ ወተቷን አትለቅም። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ ያስፈልጋል?» አሉ።

ወደ እሑድ ልመለስ። ላፕቶፑን እየከፈትኩ፣ በልማድ፣ አንድ ጥያቄ አነሳሁ። «ለመሆኑ ነጎድጓዱን የሰማ ማን ነው?»

«እኔ አልሰማሁም» አሉ ኦቦ ጉደታ። «የኔ ጆሮ ደግሞ ከእንጦጦ ማዶ ያለውንም ይሰማል።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እነሱም አልሰሙም።

«ሜሮን ናት የነገረችኝ» አሉ እትዬ በለጡ። «‹እትዬ፣ ነጎድጓድ ነው መሰለኝ፤ ሁሉንም ይንቀሉ፤ ባትሪዋንም እንዳይረሷት› አለችኝ።»

«ባትሪዋንም?»

«ባትሪዋንም።»

የጓዳው በር ዝግ ነበር። ደብተሬን ዘጋሁና ኪሴ ከተትኩት።

ወንድም ጋሼ ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ፊቱ በላብ ያብረቀርቃል፣ ኮቱ እስከ ላይ ተቆልፏል። ሽማግሌዎቹ ላፕቶፑን እጅ ነሱ። መዘግየታችንን ለማስረዳት «እትዬ ነጎድጓድ ብለው ነቅለውት ነው» አልኩት። መምሬ ይልማ ወደ ፊት ወጡና የተዘጋጁበትን ንግግር ከዮናስ አያቶች ጀምረው እስከ ጸባዩ ድረስ ተናገሩ። ወንድም ጋሼ አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

«አባቶቼ፣ አክብራችሁ መጥታችኋል፤ አመሰግናለሁ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ፣ «ልጄ የት ናት?»

«ጓዳ።»

«ውሰደኝ።»

«ኧረ ወግ አይደለም!» አሉ እትዬ በለጡ። «ሽማግሌ አቁሞ ጓዳ?»

«እትዬ፣ እኔ የነዚህን አባቶች ፊት አይቼ ምን እሆናለሁ? መምሬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሽማግሌ ሁሉ ሲቆም ፊቱ አንድ ነው።» የኮቱን የላይኛ ቁልፍ ፈታ። «እሷ በስልክ ‹እሺ አባዬ› ነው የምትለኝ። ስትታመም ‹ደህና ነኝ አባዬ› ትለኛለች። እናቷ የሞተች ዕለት እንኳ ‹አታስብ አባዬ› ነው ያለችኝ፤ የሰባት ዓመት ልጅ። ድምፅዋ ሁልጊዜ ያታልለኛል። ፊቷ ግን አይችልበትም። ማየት የፈለግኩት የሷን ፊት ነው።»

መምሬ ይልማ ጥላቸውን እንደገና ግድግዳው ላይ አስደገፉት። «ውሰደው ልጄ። እኛ እንደሆን መቆም ለምደናል።»

ታላቅ ወንድሜን በሁለት መዳፌ ይዤ በእርጥቡ ግቢ አለፍኩ። ጓዳው የሚገባው በግቢው በኩል ነው። ሳሎኑ በር ላይ ዋይፋዩ ሦስት ጭረት ነበር፤ የውኃ ማጠራቀሚያው ጋ ሁለት ሆነ። ወደ ላይ ስለያዝኩት ይታየው የነበረው ሰማይ ነው። «ይህ ሰማይ ነጎድጓድ ያለበት ሰማይ አይመስልም» አለ። ምንጬን አላጋልጥም፤ መንገዴን ቀጠልኩ። ጓዳው ደጃፍ ላይ አንድ ጭረት ቀረ።

ሜሮን የሽንኩርት ትሪ ፊት ቆማለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ሽንኩርቱን አስቀምጪና ፊትሽን ታጠቢ» አላት። «እንባው የማን እንደሆነ ልለይ።»

ታጠበች። በነጠላዋ ጫፍ አደረቀችና ስክሪኑ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ እኔ ምን አው...»

«አትመልሺልኝ። ዝም ብለሽ እዪኝ።»

እኔ የማየው እሷን ብቻ ነበር። መጀመሪያ በእትዬ በለጡ ሕግ መሠረት ፊቷን እንደ ግድግዳ አደረገችው። እንደዚያ ሆና ሦስት ሰከንድ ያህል ቆየች። ከዚያ ከአፏ ጫፍ አንድ ነገር አመለጣት፤ ልትመልሰው ከንፈሯን ነከሰች፤ አልተመለሰም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከስክሪኑ በኩል ለተወሰነ ጊዜ ድምፅ አልመጣም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ዞር አድርጌ አየሁት። አልተቋረጠም። ወንድም ጋሼ በኮቱ እጅጌ አፍንጫውን እየጠረገ ነበር።

«በቃ» አለ። «መልሰኝ።»

ሳሎን ስገባ ሦስቱም እንደቆሙ ናቸው። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ወንድም ጋሼ አንድ በአንድ አያቸው፤ ልጅ ለመስጠት ያዘጋጀው ንግግር እንደነበረው እርግጠኛ ነኝ፤ አንዱንም አልተናገረውም።

«አባቶቼ» አለ፤ «ተቀመጡ።»

እልልታው መጀመሪያ የመጣው ወጉን ከሚያስከብሩት ከእትዬ በለጡ ነው። መምሬ ይልማ፣ መምህሩና ነጋዴው በአንድ ጊዜ ተቀመጡ። ስድስቱ ጉልበት ተራ በተራ ተንቋቋ። ሰመራ ያለው መካኒክ ጆሮውን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ ሰማና፣ «ዘይት ይፈልጋል» አለ።